በለገዳዲና በአካባቢዋ ያሉ ዛፍ ቈራጮች ደንበኛ ከወዴት ያገኛሉ?

ሥራ ያጣ ሰው ሥራ ይፈልጋል፤ ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ ሠሪ ይፈልጋል። ሁለቱ በአንድ ቀበሌ እየኖሩ ሳይገናኙ የቀሩ እንደ ሆነ ግን ጕዳቱ የሁለቱም ነው። ይህንን ነገር እንድናነሣ ያስገደደን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በለገዳዲ በዐይናችን ያየነው ነው።

ባለፈው ግንቦት በመንገዱ ዳር አምስት ወጣቶች መጥረቢያ፥ ወፍራም ገመድና አንድ የሞተር መጋዝ ይዘው ከጧት ጀምሮ እስከ ቀትር የሚጠራቸው ሰው ሲጠብቁ ተመለከትን። ጥቂት እርምጃ አልፈን ደግሞ በአንድ ግቢ ውስጥ ዕድሜው ከቤቱ ዕድሜ የሚበልጥ አንድ ነጭ ባሕር ዛፍ ወደ ቆርቆሮው ጣራ አዘንብሎ አየን። የግቢው ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ነፋስና ዝናም በበረታበት ሌሊት ሁሉ የልጅ ልጆቻቸውን ቀስቅሰው ወደ ጎረቤት ቤት እንደሚወስዱ ነገሩን። «ታዲያ እነዚህን ልጆች ጠርተው ስለ ምን አያስቈርጡትም?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «መጥተው ነበር እኮ፤ እንጨቱን ውሰዱት ብላቸው ገንዘብም ይጨምሩልን አሉኝ። ንብረቴን ሰጥቼ ደግሞ እኔው ልክፈል?» ብለው መለሱልን። ወደ ወጣቶቹ ተመልሰን ይህንኑ ብናነሣባቸው እነርሱም፥ «እማማ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ዛፍ የሚወጣው ፍልጥ ቢሸጥ ከነዳጁና ከምሳችን አያልፍም» አሉን።

ሁለቱም ወገኖች እውነታቸውን ነው። የዛፍ ቈረጣ ሥራ በእነዚህ ከተሞች ደንበኛ ያጣበትም ምክንያት ዛፍ ስለሌለ ወይም ገንዘብ ስለጠፋ ሳይሆን፥ በእኚህ እናትና በእነዚህ ልጆች መካከል ያለው ሒሳብ እስከ ዛሬ በቅጡ ስላልተተሰበ ነው ብለን እናምናለን።

እናታችን የተናገሩት ከአያት ከቅድመ አያት የተወረሰ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተጨፈጨፈ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለ ተመናመነ፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት ከአውስትራሊያ ምድር ዘሩ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በርካሽ ዋጋ እንዲታደል፥ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን አደረጉ። ዛፉም ቶሎ የሚደርስ፥ ቢቈረጥም ከጕቶው እንደ ገና የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ በቡራዩ፥ በሰበታ፥ በሱሉልታና በለገዳዲ ያለው ባላገር እንደ ገንዘብ ማስቀመጫ ቈጠረው። ልጅ ሲዳር፥ ሰው ሲታመም፥ ቤት ሲሠራ ነጋዴው ራሱ ይጠራል፤ መጥቶም ዛፉን በቁሙ ገምቶ ዋጋውን ለባለቤቱ ይቈጥራል። አጣናውና ወራጁ፥ ማገሩና ፍልጡ እየተለየ ወደ ከተማ ይጫናል። ቈራጩም የነጋዴው የቀን ሠራተኛ ነበር እንጂ የራሱ ደንበኛ የሚባል ሰው አልነበረውም። እንግዲህ መቶ ዓመት ሙሉ «ዛፌን የሚቈርጥ ሰው ይከፍለኛል» ሲል ለኖረ ሕዝብ፥ «ዛፍህን እንድቈርጥልህ ክፈለኝ» ማለት እንዴት እንግዳ ነገር እንደሚሆንበት አስቡት።

ነገር ግን ዛፉ የቆመበት ቦታ ተለውጧል። ትናንት የእርሻ ዳር የነበረው ዛሬ ግቢ ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲቋቋም ለገጣፎ ለገዳዲ፥ ቡራዩ፥ ሰበታና ሱሉልታ በአንድ አስተዳደር ሥር መግባታቸው ራሱ ይህ አገር ምን ያህል ከተማ እንደ ሆነ ይመሰክራል። በተራራ ላይ ያለ ባሕር ዛፍ ሲቈረጥ በፈቀደው በኩል ቢወድቅ የሚጐዳው ነገር የለም፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ዛፍ ይጥላል፤ ግንዱም ሳይሰበር በሙሉ ርዝመቱ ይሸጣል። በግቢ ውስጥ ያለው ግን ከበታቹ ጣራ፥ ከጎኑ አጥር፥ ከላዩ የመብራት ሽቦ አለበት። ስለዚህ አንድ ሰው ገመድ ታጥቆ መውጣት፥ ከጫፍ ጀምሮ ቍራጭ በቍራጭ እየቀነሰ በገመድ ማውረድ፥ ከታችም ሁለት ሦስት ሰዎች መያዝ ይኖርባቸዋል። በዚህ ዐይነት የወረደ እንጨት ደግሞ አጭር አጭር ስለ ሆነ ለአጣናም ለወራጅም አይበቃም፤ ማገዶ ብቻ ይሆናል። ድካሙ በእጥፍ ሲጨምር የእንጨቱ ዋጋ በእጥፍ ይቀንሳል ማለት ነው። ይህንን እናታችን ሊያውቁት አይችሉም፤ ሊያስረዷቸው የሚገባቸው ወጣቶቹ ናቸው።

ስለዚህ ደንበኛ ለማግኘት የመጀመሪያው ዘዴ ብዕርና ወረቀት ነው እንላለን። ቈራጮቹ «ይህን ያህል ይጨምሩ» ብለው አንድ ቍጥር ብቻ መናገራቸውን ትተው ሁለት ቍጥር ይጻፉ፤ ይኸውም የድካሙን ዋጋ ለብቻው፥ የእንጨቱን ዋጋ ለብቻው። ለምሳሌ ያህል ድካሙ 9000 ብር ቢገመት፥ እንጨቱም 3000 ብር ቢያወጣ፥ ባለቤቱ እንጨቱን ከሰጠ 6000 ይከፍላል፤ እንጨቱን ለራሱ ሊያስቀር ከወደደ ደግሞ 9000 ይከፍላል። በዚህ ዐይነት ሲነገረው ማንም ሰው ንብረቴን ተቀማሁ አይልም። አሁን ግን የሚደረገው ሌላ ነው፤ አንዳንድ ቈራጭ የእንጨቱን ዋጋ ደብቆ ድካሙን ብቻ ያስከፍላል፤ ማታ ፍልጡን ለእንጀራ ጋጋሪዎች ሲሸጥ ባለቤቱ ያየዋል፤ ከዚያም በኋላ የዚያ መንደር ሰው ሁሉ በር ይዘጋበታል። አንድ ቀን ባተረፈው 3000 ብር የዓመት ደንበኛውን ሸጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ደንበኛው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ብዙዎቹ ቈራጮች የሚፈልጉት ዛፉን ሊጥል የቈረጠ ሰውን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ያልቃል፤ ዛፉ ከወደቀ በኋላ ተመልሶ አይጠራምና። የሚበልጠው ደንበኛ ዛፉ ቆሞ እንዲኖርለት የሚወድ ሰው ነው፤ ይህ ሰው በየዓመቱ ይጠራል። በለገጣፎ በኩል በአጥር የተከበቡት የመኖሪያ መንደሮች ጥላውንም አበባውንም ሊያጡ አይወዱም፤ ደረቁ ቅርንጫፍ በመኪናቸው ላይ እንዳይወድቅ ብቻ ይሻሉ። በሰበታና በሱሉልታ ያሉ የአበባ እርሻዎች ለነፋስ መከላከያ የተከሉት ዛፍ በጊዜው ካልተገረዘ ብርሃን ይከለክላቸዋል፤ ቅርንጫፉም ቢወድቅ የላስቲክ ቤታቸውን ይቀድባቸዋል። ፋብሪካዎች፥ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎችም እንዲሁ ናቸው።

በተለይ ስለ አብያተ ክርስቲያናት ጥቂት መናገር ይገባናል። በአገራችን ጥንታዊው ጽድ፥ ወይራውና ዝግባው ተጠብቆ የሚገኘው ከሌላው ስፍራ ይልቅ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። ከሰበታ ወዲያ ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን እንኳ በ15ኛው መቶ ዓመት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። በቅጽር ውስጥ ያለውን ዛፍ ማንም ሊቈርጠው አይደፍርም፤ መልካምም ነው። ነገር ግን በንግሥ ቀን ሺህ ሕዝብ ከሥሩ ቆሞ ሲያስቀድስ የደረቀ ትልቅ ቅርንጫፍ በላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ለገበዙና ለሰበካ ጉባኤው ቀርቦ፥ «አባታችን፥ ዛፉን አንነካም፤ የሞተውን ቅርንጫፍ ብቻ እናወርዳለን» የሚል ሰው ከተገኘ በደስታ ይቀበሉታል ብለን እናስባለን። በዚያ ቅጽር ውስጥ በጥንቃቄ የሠራን ሰው ደግሞ ምእመኑ ሁሉ ያየዋል፤ ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገዛም። የዕድሩም ነገር እንደዚሁ ነው። ዕድርተኛው በወር አንድ ጊዜ ሲሰበሰብ ዳኛውን አስፈቅዶ ሥራውን በአምስት ደቂቃ ያስረዳ ወጣት በአንድ ቀን ከመቶ ቤት ጋር ይተዋወቃል። በመንገድ ዳር ቆሞ መጠበቅ ግን ከአላፊ አግዳሚው ጋር ብቻ ያገናኛል።

ከዘበኞች ጋር ስለ መተዋወቅ የሚነግሩን አሉ። እውነት ነው፥ የግቢውን ዛፍ ከባለቤቱ ይበልጥ የሚያውቀው ዘበኛው ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ወደ ድለላ ሲለወጥ ዋጋው ይወደድና ባለቤቱ ይሸሻል። ለዘበኛው ስልክ ቍጥር የተጻፈበት ወረቀት መስጠት ይበቃል። ያም ወረቀት፥ በግድግዳ የሚለጠፈውም ማስታወቂያ፥ በኦሮምኛና በአማርኛ ሊጻፍ ይገባዋል፤ የእነዚህ ከተሞች ነዋሪ በሁለቱም ቋንቋ የሚገበያይ ሲሆን በአንዱ ብቻ ጽፎ የደንበኛውን እኩሌታ መተው ምን ይባላል?

ሦስተኛው ነገር ሙያ ነው፤ በዚህ ላይ ብንቈይ አንባቢ አይቀየመን። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1846 በእንግሊዝ አገር የተወለደ ጆን ዴቪ የሚባል አትክልተኛ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፥ በኦሃዮ ግዛት ኬንት በምትባል ትንሽ ከተማ የመቃብር ስፍራ ዛፍ ይንከባከብ ነበር። ሰው ሁሉ ዛፍ ሲታመም ቈርጦ ከመጣል በቀር ሌላ ነገር እንዳለ አያውቅም ነበርና ደንበኛ ማግኘት ተሳነው። እርሱ ግን ክፉኛ የተቈረጡትንና በመልካም የተያዙትን ዛፎች ፎቶግራፍ እያነሣ፥ በ1901 «የዛፍ ሐኪም» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ሰዎች ሥዕሉን ሲመለከቱ የራሳቸው ዛፍ ትዝ ይላቸው ጀመር፤ እርሱም በሥራው ታወቀ። እርሱ የጀመረው ድርጅት እስከ ዛሬ አለ፤ ባለቤቶቹም ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ በወጣበት ዘመን ገደማ የእኛ ንጉሠ ነገሥት በእንጨት እጦት ከተማ ሊለቁ ያስቡ ነበር። ዛሬ የለገዳዲ ወጣት ለፎቶግራፍ መጽሐፍ ማሳተም አያስፈልገውም፤ በኪሱ ያለው ስልክ ይበቃዋል። ከሥራ በፊት አንድ፥ ከሥራ በኋላ አንድ አንሥቶ ለሚቀጥለው ደንበኛ ማሳየት ነው፤ የሰውን ግቢ ሲያነሣ ግን ባለቤቱን ያስፈቅድ።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፉ የሚያሳየው መልካም ሥራ ሲኖር ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የብዙ ዛፍ ራስ እንዳለ ተቈርጦ ግንዱ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይታያል። ባለቤቱ ዛፉ ያጠረለት መስሎት ይደሰታል፤ ነገር ግን ከተቈረጠው ጫፍ ውሃ ይገባና ግንዱን ያበሰብሰዋል፤ በዙሪያው የሚያቈጠቍጠውም ቅርንጫፍ ከላይ የተለጠፈ እንጂ ከውስጥ የተያያዘ ስላልሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ በነፋስ ይገነጠላል። የሚገባው ግን ቅርንጫፉን መርጦ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ከአንገቱ ላይ መቍረጥ ነው። ከባድ ቅርንጫፍ የሆነ እንደ ሆነ አስቀድሞ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከበታቹ ጥቂት ይመታል፤ ቀጥሎ ከዚያ ወጣ ብሎ ከላይ ይቈረጣል፤ የቀረው አጭር ጕቶ ደግሞ በመጨረሻ እበጡን ሳይነካ ይወርዳል። ከበታቹ ያልተመታ እንደ ሆነ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል፤ ያም ቍስል አይሽርም። ባሕር ዛፍን ጨርሶ ማጥፋት የፈለገ ሰውም ግንዱን ብቻ ቢቈርጥ በሚቀጥለው ክረምት ከጕቶው ብዙ ቡቃያ ያገኛል፤ ጕቶውን ማውጣት ወይም ቡቃያውን በየጊዜው መልቀም ያስፈልጋል። ይህም ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ዋጋ ቀድሞ ሊነገርለት ይገባዋል።

የመብራት ሽቦ በዛፉ ውስጥ ካለፈ መጋዝ ማንሣት አይገባም። በመንገድ ዳር የሚያልፈው ከፍተኛ መሥመር 15 ሺህ ቮልት የተሸከመ ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ ቅርንጫፍም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። መሥመሩ እንዲዘጋ አስቀድሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል፤ እኛ ሳንጠይቅ እናደርገዋለን የሚል ቈራጭ ቢመጣ ባለቤቱ ከበሩ ይመልሰው። በመንገድ ዳርና በሕዝብ ቦታ ያለ ዛፍም የከተማው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ አይነካም። አገር በቀሉን ዛፍ በተመለከተ መንግሥት ከቀድሞ ጀምሮ ሲጠነቀቅ ቈይቷል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 በመንግሥትና በክልል ደን ውስጥ ኮሶን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ጽድን በስማቸው ጠርቶ እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። ፈቃድ ማውጣት የሚያሰለች መስሎ የሚታየው ሰው አለ። ነገር ግን የንግድ ፈቃድና ደረሰኝ የሌለው ቡድን ወደ ፋብሪካው፥ ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ወደ አበባ እርሻው ሊገባ አይችልም፤ ሒሳብ ሹሙ በደረሰኝ ካልሆነ አይከፍልምና። በዚህ ጋዜጣ በየዕለቱ የሚወጣውን የጨረታ ማስታወቂያ የሚያነቡ የግቢ ማስዋብና የጽዳት ሥራ ሲወጣ ያያሉ፤ የዛፍ ቈራጮች ማኅበር ግን ተወዳዳሪ ሆኖ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ሥራ የማይፈለግበትም ስፍራ አለ። ለገዳዲ የሚለው ስም ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከሁሉ በፊት ውሃን ያሳስበዋል፤ ግድቡ ከ1962 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከተማይቱን ሲያጠጣ ኖሯል። ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት ከተራቈተ ክረምት አፈሩን ጠርጎ ወደ ውሃው ያወርደዋል፤ ደለሉም የውሃውን ቦታ ይይዛል። የቡራዩው ገፈርሳም በዚሁ ሕግ የሚኖር ነው። ስለዚህ በቀላሉ የሚገኝ እንጨት ነው ብሎ ወደዚያ ተዳፋት መጋዝ ይዞ የሚወጣ ወጣት ለጊዜው ጥቂት ብር ቢያገኝም፥ የራሱን ቤት ቧንቧ እየዘጋ መሆኑን ይወቅ። ዛሬ ሥራው ያለው በመንደሩ ውስጥ እንጂ በተራራው ላይ አይደለም የምንለው ስለዚህም ጭምር ነው።

ለከተማው ሹማምንትም አንድ ነገር እናሳስባለን። የአረንጓዴ ዐሻራ ሥራ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሲካሄድ፥ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። በመንገድ ዳርና በትምህርት ቤት ግቢ የጸደቀው ችግኝ ዛሬ ከሰው ቁመት አልፏል። ዛፍ በልጅነቱ ካልተቃና ካደገ በኋላ ማቃናት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ ለጋው ግን በእጅ መቀስ ይስተካከላል። የተከላው ቀን ብዙ ሺህ ሰው ይወጣል፤ በሦስተኛው ዓመት የሚገርዘው ሰው ግን አልተሰየመም። ይህንን ሥራ በየቀበሌው ለወጣቶች ማኅበር በዓመት ውል ቢሰጡት፥ ወጣቶቹ ቋሚ ደመወዝ ከማግኘታቸውም በላይ ሙያቸውን ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፍራ ያሳያሉ። የዐዋቂ አሠልጣኝ ችግር ይኖራል፤ የሚወጣበት ገመድና የራስ ቍርም ገንዘብ ይጠይቃል። ሆኖም ሰው ከዛፍ ወድቆ ከሚታከምበት ገንዘብ ይህ ያንሳል።

ስለ ወቅቱ ደግሞ ይህንን እንጨምር። ደንበኛው ዛፉን የሚያስታውሰው በሐምሌ ነፋስ ሲነፍስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ግንዱ ያዳልጣል፥ ወጪውም ሰው በአደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ቈራጮቹ በየካቲትና በመጋቢት በየበሩ እየሄዱ፥ «ክረምት ሳይገባ ዛፍዎን እንይልዎ» ብለው በነጻ ቢመለከቱና በወረቀት ቢጽፉ፥ የማይጠራቸውም ሰው ወረቀቱን አስቀምጦ በዓመቱ ይጠራቸዋል።

በለገዳዲ ያየናቸው አምስቱ ወጣቶች በዚያው ሳምንት በእኛም ምክር ይሁን በራሳቸው ሐሳብ ሁለቱን ቍጥር በደብተር ወረቀት ጽፈው ወደ እናታችን ቤት ተመለሱ። የልጅ ልጃቸው ካነበበላቸው በኋላ፥ ወፍራሙ ግንድ ተፈልጦ ለራሳቸው እንዲቀር፥ ቅርንጫፉንና ጭራሮውን ወጣቶቹ እንዲወስዱት፥ ክፍያውም ግማሹ አሁን፥ ግማሹ ከመስቀል በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። ዛፉ በሁለት ቀን ወረደ፤ ከጣራውም አንዲት ቆርቆሮ አልተነካችም። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ከአጥሩ ባሻገር ያሉት ጎረቤት በራሳቸው ግቢ ስላለው ግራቪሊያ ሊጠይቁ መጥተው ነበር።